ባለ ሁለት ቋጠሮው ማተብ

ሔራን የግንበኛ ውሃ ልክ ኪሷ ከትታ ቀዶ ጥገና ክፍል የምትገባ የሰመመን ባለሙያ ናት። ሟቹ አባቷ ሐዋሳ ላይ ስንት ግድግዳ ያቀናበት ውሃ ልክ ነው። ዶክተር ገድሉ ባያት ቁጥር፣ «ዛሬ ስንት ፎቅ ልታቆሚ ነው?» ይላታል፤ እሷም ለምዳዋለች። የደም ሥር ግፊት የሚለካው ማሽን ገመዱ ከተበላሸ ወር አልፎታል። መለዋወጫው «መንገድ ላይ ነው» እንደተባለ መንገድ ላይ ቀርቷል። ስለዚህ የቀራት የድሮው ዘዴ ነው። ካቴተር የሚሉት ቀጭን ቱቦ በበሽተኛው አንገት በኩል እስከ ልቡ ደጃፍ ይገባል፤ ከእሱ ጋር የተያያዘ ሌላ ግልጽ ቱቦ ደግሞ ውሃ ተሞልቶ ማስመሪያ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ሲበዛ ውሃው ከፍ ይላል፣ ሲያንስ ይወርዳል። ብቻ የማስመሪያው ዜሮ ከልብ ጋር እኩል መሆን አለበት። ሁለት ጣት ከተዛነፈ ቁጥሩ ሁሉ ውሸት ነው። ውሃ ልኩ የሚያስፈልጋት ለዚህ ነው።

የዚያን ጠዋት ኩላሊቷን የምትሰጠው ወለተ ሩፋኤል ነበረች፤ የሚቀበለው መንትያ ወንድሟ ዲያቆን ዓምደ ሚካኤል። አባታቸው መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ከዘጌ በጀልባ ይዘዋቸው መጡ፤ ልጆቹ ወደ ውስጥ ሳይገቡም ማተባቸውን በገዛ እጃቸው ከአንገታቸው ፈቱላቸው። ቀዶ ጥገና ክፍል አንገት ላይ ክር አይቀመጥም። ማተቡን የማይለይ ሰው ሲገጥማት ሔራን እጁ አንጓ ላይ ታስርለታለች፤ ይህንንም ስንት ጊዜ አድርጋዋለች። መሪጌታ ግን እንደ ሌላው ቤተሰብ ዝም ብለው አልሰጧትም።

«ይኸ የእሱ፣ ይኸ የእሷ» አሏት በሁለት እጇ እያስያዙ። «እንደ ሰጠሁሽ እሰሪልኝ፣ ልጄ። እንዳታለዋውጪ።»

«እሺ፣ አባቴ» አለች፤ ወዲያው አልጋ ግፊ ተባለችና የእሱን ከላይ አድርጋ ሁለቱንም ባንድ ኪሷ ከተተቻቸው።

አልጋው ላይ የተኛችው ወለተ ሩፋኤል ነበረች። ኮሪደሩን ሲያልፉ ቀና ብላ አየቻት።

«ባንዱ ኪስ አታድርጊው» አለች። «የወንድሜ ባለ ሦስት ቋጠሮ ነው፤ የኔ ባለ ሁለት። ልጆች ሳለን ተለዋውጠነው ነበር። ያን ዕለት እሱ ከደንገል ታንኳ ላይ ወድቆ ሐይቅ ገባ። ውሃ ያስመለሰኝ ግን እኔን ነው፤ ቤቴ፣ ምድጃ ዳር ተቀምጬ።»

«እሱስ?»

«እሱማ ምን ሆነ! እየሳቀ ወጣ።»

ሔራን ሳቀች። ወለተ ሩፋኤል አልሳቀችም።

ሁለቱ ክፍሎች ጎን ለጎን ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው በር ኩላሊቱ እስኪያልፍ ክፍት ነው። ሔራን ማተቦቹን ቋጠሮ ሳትቆጥር፣ ኪሷ በገቡበት ተራ በየእጃቸው አሰረች፤ እህትየውን ለሌላ የሰመመን ባለሙያ ትታ ወንድምየውን አስተኛች፣ ካቴተሩን በአንገቱ አስገባች፣ ዜሮውን በውሃ ልኳ አስተካከለች። ውሃው አሥራ አንድ ላይ ቆመ። መልካም ነው። የመተንፈሻው ማሽን አየር በነፋ ቁጥር ውሃው ትንሽ ከፍ ብሎ መመለስ አለበት፤ እሱም ከፍ ይል ነበር። ነገር ግን የሆነ ነገር አላማራትም። ማሽኑን በደቂቃ አሥራ ሁለት ጊዜ እንዲነፋ አድርጋ ሞልታዋለች። ሰዓቷን እያየች ውሃውን ቆጠረች፤ አሥራ ስድስት። ተሳስቼ ይሆናል ብላ ደግማ ቆጠረች። አሥራ ስድስት። መገጣጠሚያውን ፈተሸች፣ አየር ገብቶ እንደሁ ቱቦውን መታ መታ አደረገች። ምንም የለም። ያን ጊዜ በክፍቱ በር በኩል የእህትየው ማሽን ሲነፋ ሰማች። ውሃው የሚነሣው ከዚያኛው ጋር ነበር። እዚያ ሲነፋ እዚህ ከፍ ይላል፤ እዚያ ሲያርፍ ይወርዳል። ክንዷ ላይ ያለው ጠጉር ቆመ።

ብትናገር ማን ይሰማታል?

ረፋዱ ላይ ኩላሊቱ ወጣ። ዶክተር ገድሉ በበረዶ ሳህን ይዞት በበሩ ሲያልፍ ነርሱም፣ ተለማማጁም፣ የሁሉም ዓይን ሳህኑን ተከትሎ ወደ ወንድምየው ክፍል መጣ። ከእህትየው ጋር ቁስሏን እንዲዘጋ ወጣቱ ዶክተር ባምላክ ቀረ።

ውሃው መውረድ የጀመረው ያኔ ነው። አሥራ አንድ የነበረው ዘጠኝ ሆነ፤ ከዚያ ሰባት።

«አሥራ ሁለት ሳይሞላ ወደ አዲሱ ኩላሊት ደም አልለቅም» አለ ገድሉ ከመርፌው ቀና ሳይል። «ውሃ ስጪው።»

አንድ ከረጢት የጨው ውሃ ሰጠችው። ስድስት። ሁለተኛውን ሰቀለች። አምስት። የክንዱ ግፊት ደኅና ነው፤ እንዲያውም ጨምሯል። አንዲት ጠብታ ደም አልባከነም። ሽንት ለማይሸና ሰው ከዚህ በላይ ውሃ መስጠት ሳንባውን ማስጠም ነው። አራት። ሔራን የእህትየው ወሬ ትዝ አላት። ዝቅ ብላ ጨርቁን ገለጥ አደረገችና የዓምደ ሚካኤልን እጅ አየች።

ማተቡ ሁለት ቋጠሮ ነበረው።

«ወይኔ ጉዴ» አለች በልቧ። «ለዋወጥኳቸው።»

በሩ ላይ ወንጌላዊት ብቅ አለች፤ እህትየው ክፍል ጎዝ፣ ደም መምጠጫውን ጨርቅ፣ የምትቆጥረው ነርስ ናት። «እኛ ልንዘጋ ነው» አለች።

ሔራን በእጇ ጠራቻትና በሹክሹክታ፣ «አንድ ጎዝ ጎደለ በያቸው» አለቻት።

«አልጎደለም። ሃያ ገባ፣ ሃያ ወጣ፤ ራሴ ነኝ የቆጠርሁት።»

«ጎደለ በይ። ጎዝ ከጎደለ አይዘጉም፤ ተመልሰው መፈለግ ግድ ነው። ልጅቷ ውስጥ ውስጡን እየደማች ነው።»

«ግፊቷ ደኅና ነው እኮ። በምን አወቅሽ?»

ሔራን ወደ ውሃው ልትጠቁም እጇን አነሣችና መለሰችው። የወንድሟ አንገት ነገረኝ ይባላል? «ውሸት ሆኖ ከተገኘ የምባረረው እኔ ነኝ» አለች። «እባክሽ።»

ወንጌላዊት ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ ተመለሰች። ጥቂት ቆይቶ «አንድ ጎዝ ጎድሏል!» የሚለው ድምጿ ተሰማ። ባምላክ አጉረመረመ፤ ቁጠሪ አላት፤ ቆጠረች፤ አሥራ ዘጠኝ። ሃያኛውን የት እንደከተተችው እሷ ታውቃለች። መቀስ ተንቀጫቀጨ።

«ደም! ደም አምጡ ቶሎ! የደም ሥሩ ማሰሪያ ክር ሾልኳል!»

የውሃው መውረድ ሦስት ላይ ቆመ። እዚያ ሥሩን አጥብቀው ሲያስሩ፣ ለወለተ ሩፋኤል ደም ሲሰጧት፣ እዚህ ወንድሟ አንገት ላይ ውሃው ቀስ እያለ ወጣ። አሥራ ሁለት ሲደርስ ገድሉ ደሙን ለቀቀ፤ የገረጣው ኩላሊት ቀላ።

«አየሽ፣ ውሃ ነበር የጎደለው» አላት ደስ ብሎት።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱ መንትዮች ነቅተው መልሰው አንቀላፉ፤ ማገገሚያ ክፍል ውስጥ አንድ መጋረጃ ለይቷቸዋል። በመስኮቱ ጣና ቁልጭ ብሎ ይታያል። መሪጌታ በወንድ ልጃቸው ራስጌ ቆመዋል። ሔራን አጠገባቸው መጥታ አቀረቀረች።

«መሪጌታ፣ በድያለሁ። ማተባቸውን ለዋውጬ ነው ያሰርኩት።»

«አንቺ አልለወጥሽም» አሉ። «እኔ ነኝ። የእሷን የእሱ ነው ብዬ የሰጠሁሽ እኔ ነኝ።»

ሔራን ቀና አለች። «ለምን?»

«ለታመመው ስንት ዓይን አለው፣ ልጄ! ሐኪሙ አለው፣ አንቺ አለሽው፣ መሣሪያው ሁሉ የእሱ ነው። በጤናዋ ገብታ ለተቀደደችው ማን አላት? ኩላሊቷን ይዘው ሲሄዱ ሁሉም ተከትሎ እንደሚሄድ አውቄያለሁ። እሱ አንገት ላይ የምታዪው ውሃ የእሷን ይንገርሽ ብዬ ነው። ልጄን ለልጄ ስሰጥ ሌላ ምን ላድርግ?» እንባቸው በጢማቸው ላይ ወረደ።

ሔራን መጽናኛ ቃል ስትፈልግ ግን ሌላ ነገር መጣባት። ቀኑን ሙሉ ስታይ የዋለችው የእህትየውን ነው።

«ታዲያ የእሱን ማን ሲያይለት ዋለ?» አለች።

እሱ ሁለት ከረጢት ጠጥቷል፤ ሦስተኛው እየወረደ ነው። ቱቦው ላይ ያለው ውሃ ዘጠኝን ያሳያል፤ ዓምደ ሚካኤል ፊቱ ፈክቶ እንደ ሕፃን ተኝቷል።

ከመጋረጃው ወዲያ ወለተ ሩፋኤል ማሳል ጀመረች። ውሃ የዋጠ ሰው ሳል ነበር፤ እየተንቆረቆረ የሚወጣ።

«ሔራን!» ጮኸች ወንጌላዊት። «ነይ፣ ትንፋሿ ሊቆም ነው!»

ሔራን መጋረጃውን ያዘች። ከዚያ ፊቷን ወደ ወንድምየው መለሰች። የተንጠለጠለውን ውሃ ዘጋች፤ ባለ ሁለት ቋጠሮውን ከእጁ ፈታች። «የእሷን ይፍቱ፣ አባቴ፣ ቶሎ!» መሪጌታ ባለ ሦስት ቋጠሮውን ይዘው መጡ፤ እሷ በእሱ እጅ አሰረችው፣ እሳቸው ባለ ሁለቱን ለሴት ልጃቸው ሊያስሩ ይዘው ተመለሱ።

ውሃው ለአፍታ ቀጥ አለ። ከዚያ ዓይኗ እያየ መውጣት ጀመረ። አሥራ ሦስት። አሥራ ሰባት። ሃያ ሁለት። ከመጋረጃው ወዲያ ሳሉ ጸጥ አለ፤ ከመጋረጃው ወዲህ ዓምደ ሚካኤል ከንፈሩ ጠቁሮ ማሳል ጀመረ።

ይህንን ታውቀዋለች። ደግፋ አስቀመጠችው፣ ኦክስጅን አደረገችለት፣ የሚያሸናውን መድኃኒት ወጋችው። ከዚያ መጠበቅ ብቻ ነበር። የሽንቱ ከረጢት ውስጥ መጀመሪያ ጠብ ጠብ አለ፤ ቀጥሎ ኮለል ብሎ ወረደ። የእህቱ ኩላሊት ውሃውን ከውስጡ እየቀዳ ያወጣ ነበር። ሃያ። አሥራ ስድስት። አሥራ ሁለት። አሁን ውሃው የሚነሣና የሚወርደው በገዛ ትንፋሹ ነው።

ሔራን ዶክተር ገድሉን አስጠራችና ወንድምየውን ለእሱ አስረከበች። ወንበር ጎትታ መጋረጃውን አልፋ ወለተ ሩፋኤል አጠገብ ተቀመጠች። ምንም ቱቦ የለም፣ ምንም ማስመሪያ የለም። ፊቷን ብቻ ታይ ጀመር።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ልጅቷ ዓይኗን ገለጠች። ጠጉሯ ግንባሯ ላይ በላብ ተለጥፏል።

«ወንድሜ ከውሃው ወጣ?» አለቻት።

«ወጣ» አለች ሔራን፤ እጇንም ያዘችላት።