ከላይ በኩል የሚቀመጠው ሰው

"አይዞህ፣ አለሁ! አለሁ ወንድሜ!"

ሚዛን እንዲህ እያለ ይጮኻል እንጂ ይበልጥ የፈራው እሱ ራሱ ነበር። ባለአራት ጎማው የእርሻ ሞተር ሳይክል ተገልብጦ የእህቱ ባል ደረት ላይ ወድቋል። ከኋላ የተጫነው የፀረ ተባይ በርሜል ተሰንጥቆ ፈሳሹ ቁልቁል ይወርዳል።

"መተንፈስ... አቃተኝ" አለ አማቹ።

ሚዛን በትከሻው ገፋ። ንቅንቅ አላለም። ደግሞ ገፋ። ጉልበቱ ይሁን ድንጋጤው እንጃ፣ ሞተሩ ተንከባለለለት።

ሞተሩ የተሠራው ለአንድ ሰው ነው። የፍራፍሬ እርሻው ግን ተዳፋት ስለሆነ፣ እንዳይገለበጥ ተብሎ አንድ ከባድ ሰው ከላይ በኩል፣ በዳገቱ ወገን፣ ጠርዙ ላይ ይቀመጣል። መመሪያው ይከለክላል፤ አለቃው አይቶ እንዳላየ ያልፋል። መቶ አስር ኪሎ የሚመዝነው ሰውዬ "ሚዛን" የተባለውም በዚሁ ሥራው ነው። ስሙን ይወደው ነበር። ዛሬ ግን የላይኛው ጎማ ከመሬት ብድግ ሲል ሐሞቱ ፈሰሰና ዘለለ። ሞተሩ የተገለበጠው እሱ ከዘለለ በኋላ ነው።

ሐኪም ቤት እህቱ የሥራ ሽርጧን ሳታወልቅ እየሮጠች መጣች።

"ይተርፋል? ንገረኝ እንጂ!"

"ቀዶ ጥገና ክፍል አስገብተውታል። የጎድን አጥንቱ ሳንባውን ወግቶታል።"

አለቃው ቅጽ ይዞ ተጠጋው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ብቻውን ሆኖ ሲበር ተገለበጠ ብለህ ፈርም። ሁለት ነበርን ካልክ አንተም እኔም ከሥራ ውጪ ነን" አለው።

"እሱስ? ሕክምናው፣ ካሳው?"

"በራሱ ጥፋት ለተጎዳ ምን ካሳ አለ? እሱን ለፈጣሪ ተወው።"

እህቱ ሰምታ ኖሮ ዞር አለች። "አብረኸው አልነበርክም እንዴ? እውነት ሲበር ነበር?"

ሚዛን ቅጹን አየው። አልነበርኩም ቢል ሥራውም አይነካም፣ መዝለሉንም ማንም አያውቅም፤ አማቹም ቢነቃ ያስታውስ አያስታውስ አይታወቅም። ከሥራ መባረሩ ያስፈራዋል። የእህቱ ዓይን ግን ከዚያ የባሰ አስፈራው፤ ልጆቿን የሚያስተዳድረው ያ ውስጥ የተኛው ሰው ነው።

ቅጹንና እስክሪብቶውን ተቀብሎ ግድግዳው ላይ አስደግፎ ጻፈ፦ "ሁለት ነበርን። ቀስ ብሎ ነበር የሚነዳው። እኔ ፈርቼ ስዘል ተገለበጠ።"

አለቃው እጁን ዘረጋ። ሚዛን የተዘረጋውን እጅ አልፎ፣ ወረቀቱን መጀመሪያ እንድታነበው ለእህቱ ሰጣት።