ብርቱካንማው ጃኬት

ትንቢት የለቅሶው ድንኳን ደጃፍ ላይ ስትደርስ ወሬው ቀጥ አለ። የለበሰችው ጃኬት ብርቱካንማ ነው፤ ያውም ከሩቅ የሚጣራ ብርቱካንማ። ንፍሮ ሊዘግኑ የተዘረጉ እጆች እንኳ አየር ላይ ቀሩ።

«ለቅሶ ነው ወይስ ሰርግ?» አለች የለቅሶው ቤት ጎረቤት ጥላነሽ፣ እሷ ሹክ ማለቷ ነው። የጥላነሽ ሹክሹክታ መናኸሪያ ድረስ ይሰማል።

የሠልስቱ ማግስት ነበር። ትንቢት የሟቹ የአቶ ዋኘው ምራት ናት። ከልጃቸው ከሙሉሰው ጋር ጋምቤላ ሥራ ላይ ተዋውቀው፣ ሽማግሌ ሳይላክ ፈርመው ተጋቡ። እናትየው እትዬ እቴናት ይህን እስከ ዛሬ አልዋጡትም። ምራታቸውን ከመጣች ጀምሮ ቀና ብለው አላዩዋትም። ከጎናቸው ፍራሹ ላይ የአገሩ ሰው ሁሉ ይቀመጣል፤ የእሷ ቦታ በሩ አጠገብ ነው። የደብረ ማርቆስ የክረምት ብርድ ደግሞ የሚገባው በበር ነው።

በረደሽ ወይ ሲሏት ደህና ነኝ ትላለች። ጋቢ ቢደርቡላትም ከደብረ ወርቅ ለመጡ አሮጊት አሳልፋ ሰጠች። በስስ ጥቁር ቀሚሷ ብቻ ተቀመጠች። ያን ቀን ጠዋት ግን የጥርሷን መንገጫገጭ ራሷ ሰማችውና ማንንም ሳታማክር ገበያ ወጣች።

አቶ ዋኘው ቢኖሩ ብቻዋን አትወጣም ነበር። የመናኸሪያ ትኬት ቆራጭ ነበሩ፤ ከቆላ የመጣ መንገደኛ እጁን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ካዩ ሥራቸውን ለባልደረባ ትተው ሰልባጅ ተራ ይዘውት ይሄዳሉ። ስፌቱን ይጎትታሉ፣ ክሳዱን ያሸታሉ፣ ነጋዴውን ይሰድባሉ፣ መንገደኛውንም እንደ ሕፃን እያዞሩ ያለብሱታል። አንዱ የመተማ ነጋዴ በዚህ መሀል አውቶቡስ አምልጦት እቤታቸው አድሯል። እትዬ እቴናት እያጉረመረሙ ራት አቅርበውለታል።

ለትንቢትም በስልክ፣ እዚያ ምንም እንዳትገዥ፣ የዚህን አገር ብርድ የማውቀው እኔ ነኝ ይሏት ነበር። አምናቸው፣ ሳትገዛ ቆየች። እሳቸውን ግን ሞት ቀደማቸው።

ገበያው ላይ ጥቁር ጠፋ። የተገኘው አንድ ጥቁር የሕፃን ነው። ወፍራምና በልኳ የሆነው ያ ብርቱካንማ ብቻ ነበር። ቀለሙን አላየችውም አይባልም። ግን ስትለብሰው ሞቃት፤ ለቀናት በርዶት የከረመ ሰው ሲሞቀው ደግሞ ይሉኝታ ትንሽ ይርቀዋል።

አሁን ግን በሩ ላይ ቆማ ዚፑን ለመክፈት ትታገላለች።

እትዬ እቴናት ቀና አሉ። «ነይ እስቲ።»

ትንቢት ሄዳ ፊታቸው ተንበረከከች። ጥቁር አጥታ እንደሆነ፣ አሁኑኑ እንደምትመልሰው ተናገረች።

«በርዶሽ ነበር?»

«ደህና...» ብላ ጀመረችና ተወችው። «በጣም። አባባ ‹ስትመጪ እኔ መርጬ አለብስሻለሁ› ብለውኝ ነበር።»



«ይደውልልሽ ነበር?»

«እሁድ እሁድ፣ ከቅዳሴ በኋላ።»

«እኔ እኮ» አሉ እትዬ እቴናት፣ «ከቤተ ክርስቲያን ሲዘገይ ጸሎት የበዛለት መስሎኝ...»

ሳቁ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የመጀመሪያው ነው፤ እንባም አብሮት መጣ። ከዚያ ጃኬቱን አስወልቀው አገላበጡት። ገበሩ ጥቁር ነው። እጅጌዎቹን አንድ በአንድ ወደ ውጭ ገለበጡና መልሰው አለበሷት።

«ጥላነሽ፣ ጠጋ በይ እስቲ፤ ልጄ ትቀመጥ።»

ጥላነሽ ንፍሮዋን ይዛ ተጠጋች፤ ትንቢትም ከእትዬ እቴናት ጎን ተቀመጠች።

ጃኬቱ ሲገለበጥ የደረቱ የውስጥ ኪስ ወደ ውጭ ወጥቷል። እትዬ እቴናት ትንሽ ቆይተው ቀዝቃዛ ጣቶቻቸውን እዚያ ኪስ ውስጥ ከተቱ። አዲስ ለቀስተኛ እየጮኸ ሲገባ እንኳ አላወጧቸውም።