ጠበል ያዥጎረጎራት ጀልባ

የባሕርን ጠብታ ሁሉ ቈጥሮ የሚያውቅ፣ ዘመናትንም በእጁ የያዘ አምላክ በፈቀደው አንድ የግንቦት እሑድ፣ በአሜሪካ ደቡብ ዳርቻ ያለችው የቢሎክሲ ወደብ ሰው ለዓመታዊው የጀልባዎች ቡራኬ ተሰብስቦ ነበር።

አልሲድ የሚስተር ፔንድልተንን ነጭ የመዝናኛ ጀልባ ሲያጥብና በሰም ሲወለውል አሥራ አንድ ዓመት ሞልቶታል፤ ነገ ጡረታ ይወጣል። ጀልባዋ ግን ከታሰረችበት ስንዝር ርቃ አታውቅም። ባለቤቷ «አንዲት ነጥብ የማይታይባት ዕለት አብረን ባሕር እንወጣለን» ሲል ቃል ገብቶለት ነበር፤ ሆኖም ወይ የወፍ ኩስ፣ ወይ የጣት አሻራ ጠፍቶ አያውቅም። ዛሬ፣ በመጨረሻው ቀን፣ አልሲድ በማጉያ መነጽር ሦስት ጊዜ መርምሮ ምንም አላገኘባትም።

«ጌታዬ፣ ጠርታለች፤ እንሂዳ!» አለ።

«ቡራኬው ይቅደም። ግን ጠበል እንዳይነካት።»

«ያለ ጠበል?»

«ውሃ ሲደርቅ ነጥብ ይተዋል እያልክ ስትነዘንዘኝ የኖርከው አንተ አይደለህም እንዴ?»

 አልሲድ ሮጦ ለባትሪ የሚሞላውን የተጣራ ውሃ ጀልባዎቹን ለሚባርኩት ካህን ለአባ ቫስኮ አቀረበላቸው። «አባ፣ በዚህ ይባርኩልን፤ ነጥብ አይተውም።»

«የምባርከው ባትሪ ነው ወይስ ጀልባ፣ ልጄ?» አሉት፤ ቢሆንም ጸሎት አደረሱበት።

«አባ፣ ጫማዎን!» ሲል ጮኸ ሚስተር ፔንድልተን።

ካህኑ በካልሲ ገቡ። አልሲድ ግን ከጉጉቱ ብዛት፣ ማንም ባለሙያ የማያደርገውን፣ የሚረገጠውን ወለል ሳይቀር ሰም ቀብቶት ነበር። አባ ቫስኮ ገና «በስመ አብ» እንዳሉ ከጀልባዋ አፍንጫ እስከ ጅራቷ ተንሸራትተው ባሕር ገቡ።

አልሲድ ጎትቶ አወጣቸው። ልብሳቸው የጨው ውሃና ጭቃ ከዳር እስከ ዳር ረጨባት። አልሲድ መወልወያውን አነሣ።

«ተወው» አሉ ካህኑ፣ የጠበል መርጫቸውን እንደ ጨበጡ። «ሚስተር ፔንድልተን፣ መጽሐፌ ውስጥ ያለው ጸሎት ባሕር ለሚወጣ ጀልባ ነው። ለመደርደሪያ ጌጥ የሚሆን አላገኘሁም።»

ባለቤቷ የተዥጎረጎረችውን ጀልባ ትክ ብሎ አየ። ከዚያም ሸክም እንደ ወረደለት ሰው ተነፈሰ። «ተበላሽታ የለ? ከእንግዲህ ምኗን እጠብቃለሁ? ገመዱን ፍታው!»

ከወደቡ ሲወጡ ማዕበል አልሲድን ፊቱን አጠበው። እጁ ከልማዱ ወደ መወልወያው ሄደ።

«አልሲድ! እንዳትነካት!» አለ ሚስተር ፔንድልተን።

አልሲድ መወልወያውን አጥፎ ተቀመጠበት።

አንባቢ ሆይ፣ አምላክ ቤትህን ይባርክልህ፤ ወለሉ በእንግዳ እግር የሚያድፍ፣ ማዕዱ ሰው የማይለየው ያድርግልህ፤ አሜን።