ባሕሩ የተዘጋ ዕለት

ማዕበሉ ከተነሣ ወዲህ ከመንደሩ ወደብ የወጣ ጀልባ የለም። ኤርሲሊያ ግን በምግብ ቤቷ ሰሌዳ ላይ «ትኩስ የዛሬ ዓሣ» ብላ ጽፋለች። ዕለቱ እሑድ ነው፤ ቤቱ በጎረቤት ተሞልቷል፤ ሁሉም የሚጠብቀው አባቷ፣ አዛውንቱ ዓሣ አጥማጅ ሲልቬሪዮ፣ የሚያዙትን ምግብ ነው።

«እስቲ ፍረድ፣ ሲልቬሪዮ!» አለ ጀልባ ጠጋኙ ኔሎ ከማዶ ጠረጴዛ። «ዓሣው ዋኝቶ መጣ ወይስ በአውቶቡስ?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ኤርሲሊያ ወደ አባቷ ጎንበስ ብላ አንሾካሾከች።

«አባባ፣ በማርያም፣ ዓሣውን እዘዝልኝ። ከማቀዝቀዣ መውጣቱን ካወቁ ማን ተመልሶ ይመጣል?»

ሲልቬሪዮ ዳቦውን በጣቶቻቸው እየፈረፈሩ ቆዩ። ዓሣውን ቢያዙ መዋሸት ነው፤ ሥጋ ቢያዙ ልጃቸውን በሰው ፊት ማዋረድ ነው።

«ባሕሩ ሲዘጋ እናትሽ ምን ታበላን ነበር?» አሉ በመጨረሻ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «በጨው ያስቀመጥሽውን ትንንሹን ዓሣ አምጪልኝ፤ ከዳቦ ጋር።»

«ለእኔም!» አለ ኔሎ። «ላዩ ላይ የምታፈሺውን ዘይት ግን እንደ አባትሽ እንዳትቆጥቢ!»

«ለእኛም!» አሉ ከመስኮቱ ሥር የተቀመጡት ባልና ሚስት።

ኤርሲሊያ ሳህኑን አምጥታ አባቷ ፊት በንዴት አስቀመጠችው።

«ከከተማ የሚመጡት እንግዶች ይህን አይበሉም» አለች።

«እነዚህ ይበላሉ» አሉ ሲልቬሪዮ ወደ ጎረቤቶቹ እያመለከቱ።

ኤርሲሊያ የኔሎን ሳህን ልታመጣ ፈጠን ብላ ወደ ጓዳ ተመለሰች።