የመርዕድ መርዶ

«ማን ነው ፎቶውን የለጠፈው?» አለች የሺሐረግ።

ካይሮ፣ አይን ሻምስ ሰፈር ባለችው ጠባብ ሳሎን፣ ፍራሽ ላይ የተቀመጡት ሴቶች ዓይናቸውን ወለሉ ላይ ጣሉ። የባሏ የመርዕድ ሠልስት እንኳ አልወጣም፤ ፌስቡክ ላይ ግን ፎቶው ከነሻማው፣ «ነፍስ ይማር» ተብሎበት ወጥቷል።

«ማሌሽ፣ የሺ፤ ይቅር በያቸው። ልጆች ናቸው፤ አዝነው ነው» አሉ የዕድሩ ሰብሳቢ ጋሽ አዲሱ። «አሁኑኑ አስጠፋዋለሁ።»

«ይጥፋ። ደብረ ብርሃን ላሉት አባቱ ግን ነገ ጠዋት መርዶው ይነገራቸው።»

«ሽማግሌ ናቸው እኮ፤ ልባቸውም ደካማ ነው። እስከ ዐርባው ቢቆይስ?»

«እስከዚያ ከሰው ስልክ ላይ ቢሰሙትስ? መርዕድ ቢሆን ይህን አይፈቅድም።»

ለምን እንደማይፈቅድ ቤቱ ሁሉ ያውቃል።

መርዕድ እንጀራው ቀለም ቅብ ነበር። ዓርብ ዓርብ ግን ኦልድ ካይሮ ወዳለው የክርስቲያኖች መቃብር ይወርዳል። ከዓመታት በፊት የጓደኛውን መቃብር ሊጎበኝ ሄዶ፣ ጥግ ላይ በአማርኛ የተጻፈበት አሮጌ ድንጋይ አየ፤ ፊደሉ ተፍቆ ስሙ ሊጠፋ ደርሷል። ከዚያ ወዲህ ድንጋይ በድንጋይ መዞር ያዘ። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ይጠርጋል፤ የሺሐረግ በመስታወት የፀሐዩን ብርሃን በጎን ታሳርፍለታለች፤ ፊደሉ ጥላ ሲያወጣ ያነባል። ያነበበውን ከነፎቶው ኢንተርኔት ላይ በከፈተው ገጽ ያኖራል። ኢየሩሳሌም ልሳለም ብሎ መንገድ ላይ የቀረ መነኩሴ፣ አሳዳሪዎቿን ተከትላ መጥታ ያልተመለሰች ሞግዚት... «የት እንደወደቁ ሳናውቅ ትውልድ አለፈ» ብለው ከጎንደርም ከሮምም ይጽፉለት ነበር።

አንድ ቀን የሀሌሉያን ድንጋይ አነበበ። ሀሌሉያ እዚሁ ካይሮ ሰው ቤት ስትሠራ የሞተች የደብረ ብርሃን ልጅ ናት፤ የአገሩ ልጅ። እዚሁ የምትኖረው ኢትዮጵያ የምትባል ታላቅ እህቷ ሞቷን ከእናታቸው ደብቃ፣ በሟቿ ስም ሰላምታ ትልክ ነበር። መርዕድ ይህን አላወቀም። እንደ ሌሎቹ ለጠፈው። ደብረ ብርሃን ያለ ጎረቤት አየውና እናቲቱ የልጃቸውን ሞት ገበያ መሃል ሰሙ። ሲወድቁ የሚደግፋቸው ዘመድ እንኳ አጠገባቸው አልነበረም።

መርዕድ ይቅርታ ሊጠይቅ ኢትዮጵያ ቤት ሄደ። አልከፈተችለትም። ከዚያ በኋላ በቅርብ የሞተ ሰው ድንጋይ ሲያገኝ መጀመሪያ ቤተሰቡን ያፈላልጋል፤ መርዶውን በወጉ የሚያደርስ ሰው ካላገኘ ገጹ ላይ አያወጣም።

«ድንጋዩ የትም አይሄድም፤ ቅስሙ የሚሰበረው ሰው ነው» ይል ነበር።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። የገባችው ኢትዮጵያ ነበረች። የሴቶቹ ሹክሹክታ ቆመ። የሺሐረግ ከፍራሹ ተነሣች፤ ኢትዮጵያ አንገቷን አቅፋ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

«መጣሽ» አለች የሺሐረግ።

ሻይ ቀረበላት፤ አልነካችውም። «አባቱ አልሰሙም አሉ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ማንን ልላክላቸው? ከእሱ ሌላ ልጅ የላቸውም።»

«እናቴ ትሂድ።»

የሺሐረግ ቀና አለች። «እናትሽ? በእኛ የተነሣ እንደዚያ ሆነው...»

«ያዕኒ... ማለቴ፣ ዛሬ ጠዋት ደወልኩላት። መርዕድ ሞተ ስላት፣ ‹አባቱ አቶ ወንድሙ እንደ እኔ ገበያ ላይ አይሰሙም፤ እኔው እሄዳለሁ› አለችኝ። የንስሐ አባታቸውንና ጎረቤቶቹን ይዛ ነገ ጎሕ ሲቀድ ትደርሳለች።»

የሺሐረግ እጇን ያዘቻት። «ያን ቀን በርሽ ላይ ብዙ ቆሞ ነበር።»

«አውቃለሁ። ከውስጥ ሆኜ እያየሁት ነበር።»

ኢትዮጵያ እዚያው አደረች። ሲነጋ ስልኳ ጮኸ። እናቷ ናቸው፤ ከኋላቸው ለቅሶ ይሰማል።

«ነገርናቸው። ወድቀው ነበር፤ አሁን ተቀምጠዋል፤ ሰው ከቧቸዋል። የልጄን ሚስት አገናኙኝ ይላሉ።»

የሺሐረግ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች። «አባባ።»

«የት አሳረፋችሁት፣ ልጄ?»

«ኦልድ ካይሮ። ስማቸውን ካነበበላቸው ሰዎች አጠገብ።»

«በይ እንግዲህ እንደ እነሱ የእሱንም ስም ጻፊው፤ የሚፈልገው ሰው ያግኘው» አሉ ሽማግሌው።

የሺሐረግ የመርዕድን ላፕቶፕ ከፈተች።

«ኸላስ፣ ይበቃል የሺ፤ ትንሽ እንኳ ጋደም በዪ» አለቻት ኢትዮጵያ።

«እተኛለሁ። ይህን ልጨርስ።»

ድንጋይ ገና አልቆመለትም፤ ያለው የእንጨት መስቀል ነው። መስቀሉ ላይ የተጻፈውን ገጹ ላይ ገለበጠች፦ መርዕድ ወንድሙ፣ የደብረ ብርሃን ሰው። ግርጌው ላይ ገጹ ራሱ የሚያወጣው አንድ ቃል አለ፤ «ያነበበው» ይላል። ከአጠገቡ እስከ ዛሬ የሚገባው የእሱ ስም ነበር። የሺሐረግ ቃሉን ብዙ አየችው። ከዚያ አጠፋችውና፣ ፊደል በፊደል «ያነበበችው» ብላ ጻፈች፤ ቀጥላም ስሟን።