ከድምፁ ጀርባ

ወንድሜን ተስፋጽዮንን ስንቀብር እናታችን ሆስፒታል ነበረች፤ ልቧን ታክማ። አጎታችን ጋሼ እሸቴ «እስክትጠነክር መርዶው ይቆይ» አሉ። «ለሥራ ጅማ ሄዷል በሏት።»

እናቴ ከሆስፒታል ስትወጣ፣ ጥቁር ቀሚሴን በቀይ ሹራብ ሸፍኜ ከየካ አባዶ ገርጂ፣ እሷ ቤት፣ እመላለስ ጀመር።

«ለምን አይደውልም፣ ማስቴ?»

«ኔትወርክ የለም፣ እማዬ። ድምፅ ግን ልኮልሻል።»

የምልክላት፣ በሕይወት ሳለ ለእኔ ከተዋቸው የድምፅ መልእክቶች እየመረጥኩ ነበር። እሷም በድምፅ ትመልሳለች፤ ወደ እሱ ስልክ አስተላልፈዋለሁ። ስልኩ መስኮቴ ላይ ነው፤ ቻርጁ አይነቀልም። የእናቴ ድምፅ ሲደርስ ይበራል፤ መስታወቱ ላይ አንድ ሰው ቀና ያለ ይመስለኛል። ሳላለቅስ ሦስት ሳምንት አለፈ።

አንድ ጠዋት ቤቷን ተዘግቶ አገኘሁት። ደወልኩ።

«ኢምፔሪያል ነኝ» አለች። «ልጄን እየጠበቅሁ።»

ስደርስ፣ ከቤቷ ብዙም በማይርቀው ታክሲ መያዣ ዳር፣ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። በእያንዳንዱ ታክሲ መስኮት ውስጥ ፊት ትፈልጋለች።

«ጅማ ነው ትሉኛላችሁ? ስሚ!» ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፈችው።

«ማስቴ፣ ደርሻለሁ፤ ምሳዬን እንዳትበዪው!» ይላል ተስፋጽዮን፣ ትናንት በላክሁላት መልእክት። ከድምፁ ጀርባ አንድ ረዳት ይጮኻል፦ «ኢምፔሪያል! ኢምፔሪያል! አንድ ሰው!»

መቶ ጊዜ ሰምቼው ነበር። ረዳቱን አንድም ቀን አልሰማሁትም።

«በምሳ ተጣልታችሁ ነው የደበቃችሁኝ?» አለች እየሳቀች።

ከፊታችን የቆመው ታክሲ ረዳትም «ኢምፔሪያል!» ብሎ ጮኸ። ሁለቱ ጩኸቶች ተደባለቁ፤ ለአፍታ ያ ቀን ከዚህ ቀን አልለይ አለኝ። በሩ ተከፈተ። ሰዎች ወረዱ፤ እኔም እንደ እሷ አንድ በአንድ አየኋቸው። የመጨረሻው ወርዶ በሩ ሲዘጋ እንባዬ መጣ።

እናቴ ሳቋን አቆመች።

«ጅማም የለ?»

«የለም፣ እማዬ።»

እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆየች፤ ታክሲው ሄደ፣ ሌላ መጣ። ከዚያ ነጠላዋን ከትከሻዋ አነሣች፤ ጥለቱን በጣቶቿ ፈልጋ አዘቀዘቀችው።

ወደ እኔ ዞረች። በሹራቤ ጫፍ ሥር ብቅ ያለውን ጥቁር ጨርቅ ነካችው።

«አውልቂው፣ ልጄ» አለችኝ። «ይሞቅሻል።»