በቱቦ የተተከለ ድንች

ድንች ሊተክል ቱቦ ተሸክሞ የመጣ ሰው በዚያ የአትክልት ቦታ ታይቶ አያውቅም። ጡረተኛው ቧንቧ ሠራተኛ ግን ደረታቸው ድረስ የሚደርስ ወፍራም የፕላስቲክ ቱቦ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው፣ ውሻቸውን አስከትለው በሽቦው በር ሲገቡ፣ ላያቸው ሰው ሥራውን ጨርሰው የሚመለሱ እንጂ ገና ሊጀምሩ የመጡ አይመስሉም ነበር።

“ውሉን አልረሳህም አይደል አባዬ?” አለች ልጃቸው፣ የዘር ድንቹን ከረጢት ታቅፋ ከኋላ እየመጣች።

“ልርሳው ብልስ መች ታስረሺኛለሽ?”

“አንዴ ጎንበስ ካልክ፣ አንዴ ብቻ፣ ቦታውን ለኮሚቴው እንመልሳለን። ደግሞ ብቻህን ነው የምትሠራው።”

“እሺ እሜቴ። አንቺ ባልዲሽ ላይ ቁጭ በይና ዓይንሽን እንዳትነቅዪ።”

ነገሩ እንዲህ ነው። በብርዱ ወራት ወገባቸውን ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ነበር፤ ሐኪሙም መጎንበስ ከለከላቸው። ሐኪሙስ አንዴ ተናግሮ ዝም አለ፤ ልጃቸው ግን ነርስ ናትና ጠዋት ማታ ትደግመዋለች። መሬቱን መልሰው ቤት እንዲያርፉ የፈለገችውም እሷ ናት። እሳቸው ደግሞ ሥራ ካቆሙ ወዲህ ማልደው የሚነሱት ለዚህች ቁራሽ መሬት ሲሉ ነው። የሠፈሩ ሰው ተከፋፍሎ ከሚያለማው ሜዳ የደረሰቻቸው ድርሻ ከአንድ ክፍል ቤት አትበልጥም፤ እሷን ካጡ ግን ቀኑን በምን እንደሚገፉት አያውቁም።

ውሻው ምክትል ይባላል። ቁመቱ ከጉልበታቸው በላይ የሆነ ቡናማ ውሻ ነው። በእነዚያ የአልጋ ወራት የወደቀውን ሁሉ እያነሳ የሚያቀብላቸው እሱ ነበር። መነጽር ወደቀ፣ ምክትል! ማንኪያ ወደቀ፣ ምክትል! መልሶ መሬት ላይ ቢጥለው ምን ዋጋ አለው? ስለዚህ በእጃቸው እስኪቀበሉት ድረስ አፉን እንዳይከፍት አድርገው አስለመዱት።

አጀማመሩ አማረላቸው። ብርዱ ለቋል፤ አፈሩም ላላ ብሏል። እጀታውን በቁራጭ ቧንቧ ባስረዘሙት መኮትኮቻ፣ ቀጥ ብለው እንደቆሙ ጉድጓድ ይምሳሉ፤ ቱቦውን ጉድጓዱ ላይ ያቆማሉ፤ ከሽርጣቸው ኪስ ድንች አውጥተው በቱቦው አፍ ይለቁታል። ዱብ! አፈር መለስ፣ በጫማ ጠቅ፣ ወደሚቀጥለው።

“ጋሼ!” አለ ጎረቤታቸው ዳቦ ጋጋሪ፣ ከሽንኩርት መደቡ ቀና ብሎ። “ድንቹንም በቧንቧ ለቀቁት? በሉ ሲበስል ለእኛም ቤት መስመር ይዘርጉልን!”

“አንተ መጀመሪያ ዱቄትህን አራግፍ! በረዶ የጣለ መስሎት ሽንኩርትህ እየደነገጠ ነው።”

ወደ ረድፉ መሀል ሲደርሱ እርጥብ ነገር እጃቸውን ነካው። ምክትል ድንች ይዞ ቆሟል። ከኪሳቸው የወደቀ መሰላቸው። “ጎበዝ!” ብለው ተቀብለው ተከሉት። ጥቂት ቆይቶ ሌላ አመጣ። “ጎበዝ!” ደግሞ ሌላ። ኪሳቸው አልጎድል ማለቱን እንደ በረከት ነው የቆጠሩት። ዳቦ ጋጋሪው አጥሩን ይዞ መንፈቅፈቅ ሲጀምር ግን ዞር አሉ። የተከሉት ረድፍ ከዳር እስከ ዳር ተከፍቷል። ጉድጓዱ ሁሉ ባዶውን ሰማይ ሰማይ ያያል። ምክትል አፍንጫው አፈር በአፈር ሆኖ ጅራቱን ይወዘውዛል።

“አንዱን ድንች ነው እንዴ ስተክል የዋልኩት?”

“ልነግርህ ነበር፤” አለች ልጃቸው፣ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና። “ግን እርዳታ ይሆንብሃል ብዬ ተውኩት።”

“ተው!” ብለው ቢቆጡት ምክትል አንገቱን ደፋ። የሚቀጥለው ድንች ዱብ ሲል ግን ራሱን መግዛት አልቻለም።

“ውሻውን ልሰርልህ?” አለች ልጃቸው። “ያኔ ግን ብቻህን ሠራህ አይባልም እንግዲህ።”

“ማን እሰሪልኝ አለሽ? በብርዱ ጊዜ እጄ የነበረ ውሻ ነው።”

ቱቧቸውን ተደግፈው አሰቡ። ዕድሜ ልካቸውን ወደሚያፈስ ቤት ሲጠሩ፣ ውሃው ላይ ጮኸው አያውቁም፤ መውጫውን ፈልገው ይደፍኑታል እንጂ። የምክትልን አፍ አዩ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው ሆን ብለው ጣሉት።

ምክትል ዘሎ አነሳው። አመጣው። እሳቸው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ወደ ሰማይ አዩ። ምክትል ጠበቀ። ድንች በቱቦው ለቀቁ፤ ዱብ! ምክትል ጉድጓዱን አየ፤ እሳቸውን አየ፤ ባርኔጣውን ጠበቅ አደረገ።

“ኧረ የሰውዬው ተንኮል!” አለ ዳቦ ጋጋሪው።

ከዚያ ወዲያ ሥራው ገሰገሰ። ፀሐይ መላጣቸውን እየለበለበው፣ ምክትልም ባርኔጣውን እንደ አደራ ዕቃ ይዞ እግር በእግር እየተከተላቸው፣ የተከፈተውን ሁሉ ደግመው ተከሉ፤ ቀጣዩንም ረድፍ ጨረሱ። የቀረው የመጨረሻው ረድፍ ጫፍ ነበር። እዚያ ሲደርሱ አንድ ድንች ከጣታቸው አመለጠና የቱቦውን አፍ ነክቶ መሬት ላይ ወደቀ። ተንከባሎ እግራቸው ሥር ቆመ። ምክትል አየው፤ አፉ ግን በባርኔጣው ተይዟል። ቆንጆ ድንች ነው፤ ቡቃያው ያበጠ፣ ድፍን ያለ።

ልጃቸው ከባልዲው ተነሳች። አባቷን ታውቃቸዋለች። የወደቀ ብሎን እንኳ ትተው የሚሄዱ ሰው አይደሉም። ከሐኪም ቤት በወጡ ሰሞን የምትፈራው ሥራውን አልነበረም፤ ይህችን ነበር፤ እልሃቸውን። ጉልበታቸውን እጥፍ ሲያደርጉ አየች። እጃቸውም ወደ ታች ሄደ። ከዚያ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ።

“እሱ ይቅር፤” አሉ ሽማግሌው፣ ድንቹን ሳይሆን ፊት ለፊታቸውን እያዩ። “ወፍም ይብላው።”

ድንቹን በእግራቸው ገፋ አድርገው፣ ከኪሳቸው ሌላ አውጥተው ለቀቁ። ዱብ! አፈር መለስ፣ በጫማ ጠቅ። አለቀ።

ልጃቸው ቀሚሷን እያራገፈች መጣችና አጠገባቸው ቆመች።

“ቅዳሜ ቲማቲሙን ስትተክል ወንበር ይዤ ነው የምመጣው፤” አለች። “ባልዲ ላይ ተቀምጬ ወገቤ አለቀ።”

“ወገብ ቀልድ አይደለም የኔ እናት፤” አሉ አባቷ፣ ኮስተር ብለው። “ነርስ ልጥራልሽ?”